ለሽምግልና በካራቫን

«ታላቅህ ሳያርፍ አትረፍ።» ይህን ደንብ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ቆመን በቃላችን እንድንወጣው ያደረጉን መምህር፣ አንዲት ቃል የሳተውን መዳፉን በማስመሪያ ይመቱት ነበር። እኔ አልሳትኩም፤ ዕድሜዬን ሙሉም ስጠብቀው ኖሬአለሁ። የዛሬ ልጆች አዛውንት ባስ ውስጥ ቆሞ ሲያዩ ስልካቸውን ቼክ ማድረግ ይጀምራሉ፤ እናንተም ሳትታዘቡ አትቀሩም። መምህራችን ግን ሳያስተምሩን የቀሩት አንድ ነገር አለ። እያንዳንዳቸው ሌላውን «ታላቄ ነው» ብለው የሚያምኑ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ጠባብ ካራቫን ውስጥ ቢገናኙ ማን ቀድሞ ያርፋል?

ወዳጄ አቶ ከበደ ለንደን ፓርክ ሮያል ካለ መጋዘን ጡረታ ሲወጡ ውስጡ የሚተኛበት፣ በመኪና የሚጎተት አሮጌ ካራቫን ገዙ፤ በዚህ በጋም ገጠሩን ላሳይዎ ብለው ይዘውኝ ወጡ። ዝናብ ጠፍቶ ነበርና የእንግሊዝ የእርሻ መንገድ ያን ያህል አቧራ እንደሚያወጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስንመለስ ካራቫኑ ነጭ መሆኑ የሚታወቀው አቶ ከበደ በሩን በጨበጡበት ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

ጉዞው ግን ልክ ነበረው። ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት ሃርልስደን የሚባለው የለንደን ሰፈር ለሽምግልና መድረስ አለብን። የሟች ወንድሜ ልጅ ዳዊት፣ እኔው ሆሎዌይ ቤቴ ያሳደግሁት፣ ሄለን የምትባል ልጅ ወዷል፤ ወደ አባቷ የተላክነው እኔና አቶ ከበደ ነን። አባትየው ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው በራቸው ላይ ቆሞ ይቀራል ተብሎ የሚወራላቸው ናቸው። ይህን ሰምቼ እጅግ አክብሬያቸው ነበር። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ለንደን ዳርቻ ያለ የካራቫን ማረፊያ ደረስን። የታጨደ ሣር፣ ሰፊ የዛፍ ጥላ፣ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው የሚያነቡ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት፤ ሰላሙ ራሱ ያስጨንቅ ነበር። የአቶ ከበደ ዓይን ቀልቷል። ከማለዳ ጀምረው መሪ ጨብጠዋል፤ መጨረሻ ላይማ መኪናው ወደ አጥር ሲያዘነብል የመለሰው የእሳቸው እጅ ይሁን የእኔ ጸሎት እስካሁን አላውቅም። ጥቂት ተኝተው፣ ታጥበን፣ ልብስ ቀይረን እንሄዳለን ተባባልን። አልጋው አንድ ነው።

«ይተኙ እንጂ፣ አቶ ከበደ።»

«እርስዎ ቆመው?»

«መሪ የሚጨብጡት እርስዎ ነዎት።»

«እንግዳዬ ደግሞ እርስዎ ነዎት። በዚያ ላይ ታላቄ።»

«በምን ሒሳብ?»

«ራስዎ ይመስክር፤ ፀጉር የሚባል አልቀረዎትም።»

«ፀጉሬን የጨረሰው ሐሳብ ነው። ዕድሜ አይቆጠርበትም።»

እንዲህ ስንግደረደር ሰዓቱ ነጐደ። በመጨረሻ እኔ ጋደም ካልኩ እሳቸውም ወንበሩ ላይ እንደሚያሸልቡ ቃል አስገብቼ ጋደም አልኩ። ሰውነቴ ቢያርፍም ልቤ አላረፈም፤ በእንቅልፌ የአባትየውን በር ሳንኳኳ ነበር። ማንም አልከፈተልኝም።

ስነቃ የዛፉ ጥላ ካራቫኑን አልፎ ሄዷል። አቶ ከበደ ከረባታቸውን አስረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከቅድሙ ይብስ ቀልቷል።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አሥራ አንድ ሊሆን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀሱኝም?»

«ታላቄን? እንዴት አድርጌ? ጉሮሮዬን ግን ሁለት ጊዜ ጠርጌአለሁ።» ቀጥለውም ማንቆርቆሪያውን ጥደው እስኪያፏጭ መልቀቃቸውን ነገሩኝ። «እንግሊዞቹ እንኳ ዞረው አይተውናል።»

«እርስዎስ አልተኙም?»

«ሰዓቱን ስጠብቅልዎ ነዋ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። መምህሬ ቢኖሩ ለአቶ ከበደ ሙሉ ማርክ ይሰጧቸው ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

እንቅልፍ ያጣ ሰው መኪና እንዲነዳ ስለማልፈቅድ ካራቫኑን እዚያው ትተን ባስ ያዝን። ለምን አልደወላችሁም ትሉኝ ይሆናል። ሽማግሌ ይቅርታ የሚጠይቀው በአካል ቀርቦ ነው፤ በስልክ አይደለም። ባሱ በቆመ ቁጥር ዳዊት ይታየኝ ነበር፤ ሆሎዌይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ ሲጠብቅ።

አባትየው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። የሆነውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ፊታቸው ሳይፈታ አዳመጡኝ።

«አባቶቼ፣ ደክሟችኋልና ተቀመጡ» አሉ። «እናንተን የሚቀጣ አፍ የለኝም፤ ነውር ነው።»

እፎይ አልኩ። ለካ ቸኩያለሁ።

«ቅጣት ግን አይቀርም። በላኪያችሁ ላይ ይሁን። ልጁ ከመስቀል በኋላ ሌላ ሽማግሌ ይላክ። እስከዚያ ከልጄ ጋር እንዳይደዋወሉ።»

«ዳድ፣ ፕሊዝ» የሚል የሴት ልጅ ድምፅ ከጓዳ ተሰማ። አባትየው አልዞሩም።

ለዳዊት የደወልኩለት ከባስ ፌርማታው ነው። ፍርዱን ነገርኩት፤ ምክንያቱን አልነገርኩትም። 

«እሺ፣ ጋሼ» አለ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ታላቁን «ለምን» እንዳይል አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።