ባዶ መሬት የሚያማቸው ጋሽ ታደለ

ባዶ መሬት ሲያይ የሚያመው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የጀሞው ኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ታደለ እንደዚያ ናቸው። በብሎኮቹ መካከል የቀረችውን ክፍት ቦታ ምን እናድርጋት ብለን ስንመክር፣ እናቴ "ለድንኳን ትቆየን፤ ሰርግም ለቅሶም አለብን" አለች። እሳቸው ግን "መሬት ጦሙን አያድርም!" ብለው ሙዝ ተከሉባት።

ሙዙ በቁመት በለጠን። ታዲያ መጀመሪያ ድንኳን ያስፈለገው ማን ይመስላችኋል? የጋሽ ታደለ ልጅ ልትዳር ነው! ገጀራ ይዘው ሙዞቹ ፊት ቆሙና እጃቸው እምቢ አለ።

"ይቁረጡት እንጂ!" አለች እናቴ።

"ልጄንም ሙዜንም በአንድ ሳምንት አልሸኝም!" አሉ።

ድንኳኑ ሙዞቹን መሀሉ አድርጎ ተተከለ። በሰርጉ ዕለት ከሙሽራው ወገን የመጣች ሴት "ዲኮሩን ማን ሠራላችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አፍሬ ሳመነታ ጋሽ ታደለ ደረሱ፦

"እኔው ነኝ። ስልኬን ልስጥሽ?"