እትዬ ሚዛንና የእማዬ ሦስት ኩባያ ዱቄት

ፈጣሪ ሰፈር ሲሠራ በየሰፈሩ አንድ አንድ ሰው ሚዛን አስይዞ ያስቀምጣል። በእናንተም ሰፈር አይጠፋም፤ የእኛዋ ግን ክብርት እትዬ ሚዛን ናቸው።

ክብርት እትዬ ጡረታ የወጡ መድኃኒት ቀማሚ ናቸው። ያቺን ጠፍጣፋ የወጥ ቤት ሚዛን እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልለው ታቅፈዋት ይዞራሉ። ከጎረቤት ወጥ ቤት "አንድ ኩባያ ዱቄት" የሚል ቃል ከወጣ፣ ግድግዳ ሰንጥቀው ይመጣሉ።

"የማን ኩባያ?" ይላሉ።

አንዴ እኛ ቤት ቁጭ ብለው፣ የቴሌቪዥኗ ባለሙያ "ሁለት ኩባያ ዱቄት" ስትል ስክሪኑ ላይ ጮኹበት። "የማን ኩባያ? የቡና ነው የሻይ? የተነፋ ነው የተጠቀጠቀ? አሁን ይቺን ሰምቶ ስንቱ ድንጋይ ይጋግር!" ታመው ተኝተው ሳሉ ደግሞ ነርሷ "በቀን አንድ ማንኪያ ሽሮፕ" ብትላቸው ከትራሳቸው ቀና ብለው "ክምር ነው ልሙጥ?" አሏት። ነርሷ እስካሁን ስታያቸው መንገድ ትቀይራለች።

እኔ ዘፈን ሲሰማ ዓይኑ የሚሞላ ሰው ነኝ። ለእኔ ዱቄት ከወንፊት ሲወርድ የማለዳ ጉም ነው። ለእሳቸው አንድ ኩባያ መቶ ሃያ ግራም ነው፣ አለቀ። "አንተ ልጅ፣ ጉም አይጋገርም" ይሉኛል።

ባለፈው የአባዬ ልደት ነበር። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ ኬክ አፉ አስገብቶ አያውቅም፤ ገና ሳይቆረስ "ጠግቤያለሁ" ይላል። እህቴ ግን "የእማዬን ኬክ ጋግሬ ሳላስቀምሰው አልቀርም" ብላ ማለች። ጋገረች። የወጣው ነገር ለበር ማስደገፊያ ይሆን ነበር። ምድጃው ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ እትዬ ደረሱ።

"ስንት አደረግሽ?"

"ሦስት ኩባያ፣ እንደ እማዬ።"

"የማን ኩባ..."

"የራሷ የእማዬ ኩባያ! ይኸው!"

እትዬ ሚዛናቸውን ከፎጣው ፈትተው "እስቲ ስፈሪ" አሉ። እህቴ ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ዘፍቃ፣ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ፣ በላዩ ጨመረችበት። መቶ ስድሳ ግራም!

"ሦስቱ ኩባያሽ እኮ አራት ሆኗል! ለመሆኑ እናትሽ እንዲህ ነበር የምትሰፍረው?"

ከእህቴ ጋር ተያየን። ሁለታችንም ልብ ብለን አይተናት አናውቅም።

"አይደለም" አለ አባዬ፣ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። "በማንኪያ ነበር። እያንጎራጎረች ትነሰንሰውና በቢላ ጀርባ ጠረግ። ኩባያውን ከነካሁባት ወዮልኝ!"

"እንግዲያው ይስፈሩልን፣ ጋሼ" አሉ እትዬ።

አባዬ እጁን ታጠበ። የእማዬን ዜማ በአፍንጫው እያዜመ ነሰነሰ። መቶ ሃያ። ሁለተኛው መቶ ሃያ አንድ፤ እትዬ ትርፏን አንዲት ግራም በማንኪያ ጫፍ ቆንጥረው መለሱ። ሦስተኛው ላይ ዜማው ተቆረጠ። ማንኪያው ኩባያውን ደጋግሞ መታው። ዱቄቱ ሰመጠ፤ አባዬም ሞላበት። ከእትዬ ኋላ ሆኜ ቁጥሩን አየሁት፦ መቶ ሠላሳ ስምንት።

"ስንት ሆነ?" አለ አባዬ፣ ፈተና እንደወደቀ ተማሪ እያያቸው።

ክብርት እትዬ ሚዛን መዳፋቸውን ቁጥሩ ላይ ጣል አደረጉ።

"መቶ ሃያ" አሉ። "ልክ እንደ እሷ።"

እኚህን ሴትዮ አቅፌ ልስማቸው ነበር፤ እንዳይጋለጡብኝ ብዬ ተውኩት።

ኬኩ ትንሽ ጠንከር ብሏል። አባዬ ግን የመጀመሪያዋን ቁራሽ ጨርሶ ሳህኑን መልሶ ዘረጋ።