ዘንበል የምትል ሞተርና የእማማ ደብሬ ላም

ሰው ቁጥር ያምናል። በተለይ ሦስትን። ሦስት ጉልቻ ድስት ይሸከማል፤ ባለሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም አይንገዳገድም፤ ሽማግሌም ሦስት ሆኖ ከሄደ ልጅቱን አስፈቅዶ ይመለሳል። እናንተም ብትሆኑ አንድ ሰው መጥቶ «ሦስት እግር ያላት ሞተር አለችልህ፣ ንዳት» ቢላችሁ፣ የምታስቡት ስለ መውደቅ ሳይሆን በዚያች ሞተር ላይ ሆናችሁ ማን ደጃፍ እንደምታልፉ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ እንዳትስቁብኝ። ወይም ሳቁ። ወረታ ከተማ በሙሉ ከሳቀብኝ በኋላ የእናንተ ሳቅ ምን ይጨምርብኛል?

ነገሩ የሆነው መሥሪያ ቤት ሁሉ በሥራ ሂደት ለውጥ በሚናጥበት፣ የየቢሮው ግድግዳ ሳጥንና ቀስት በተሳለበት ወረቀት በተሸፈነበት፣ ባጃጅም ወረታ ገብታ ገና እንደ አዲስ ሙሽራ በምትታይበት ሰሞን ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። የፎገራ ገበሬ ከብቱን የሚነካለትን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚል እኔንም ዶክተር ይለኛል፤ አላረምኩትም። ሥራዬ የፎገራን ላሞች ማከም ነው። የፎገራን ላም ለማታውቁ፣ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ክረምቱን ሜዳው ውኃ ሲተኛበት እስከ ጉልበቷ ውስጡ ቆማ የምትግጥ፣ በስብሰባ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ የበለጠ ትዕግሥት ያላት ፍጥረት ናት።

ሞተሯን ያመጣት ሩዝ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። ሁለት እግር ከፊት፣ አንድ እግር ከኋላ። ሞተር ሳይክል ናት እንዳይሏት እግሯ በዛ፤ ባጃጅ ናት እንዳይሏት ጣሪያ የላትም፣ እግሯም የተተከለው በተቃራኒው ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባል የለ? እሷም ብትጠየቅ ባጃጅን ከመጥራት ሌላ የምትመልሰው አልነበራትም። ፈረንጁ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሰውየውም ሞተሯም አንድ ላይ ወደ ጎን ያጋድላሉ። መንገደኛው «አለቀለት!» ብሎ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። ፈረንጁ ግን ምንም ሳይሆን ቀና ብሎ ይነጉዳል። ጥናቱን ጨርሶ አገሩ ሲገባ ሞተሯን ለመሥሪያ ቤታችን አበረከታት።

ርክክቡ በድምቀት ተከናወነ። ኃላፊያችን ሞተሯ አርሶ አደሩን በፍጥነት ለመድረስ ስለምታበረክተው ጉልህ አስተዋጽኦ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ሞተሯ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የአጠቃቀም መመሪያ እስኪያረቅ ድረስ ሞተሯ ላስቲክ ለብሳ አራት ወር ጥላ ሥር ከረመች። በዚህ መሀል የጥበቃው፣ የአያ ፈንታ ዶሮ ላስቲኩ ሥር ገብታ የእግር መርገጫዋ ላይ ዕንቁላል ስትጥል ቆይታ ኖሮ፣ ሲገለጥ ሰባት ዕንቁላል ተገኘ። በዚያ ሩብ ዓመት ከመሥሪያ ቤታችን ተጨባጭ ውጤት ያስመዘገበችው ዶሮዋ ብቻ ናት።

በመጨረሻ ማን ይንዳት የሚል ስብሰባ ተጠራ። እኔ ያን ቀን የታመመ በሬ ሳክም ስለዋልኩ አልተገኘሁም። በሌለሁበት በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። መመሪያውም ተነበበልኝ፦ ያለ ኃላፊው ፊርማ ከግቢ አትወጣም፤ ከተመደበው ባለሙያ በቀር ሌላ ሰው አይጫንባትም። እንዴት እንደምትነዳ የሚናገር አንቀጽ ግን አልነበረውም።

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መልካም ናት። ልቤ ሞላ። ችግሩ ወረታ መታጠፊያ ያላት ከተማ መሆኗ ነው። ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ ጋ ስደርስ እጀታዋን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ ባደርግ ሞተሯ ወደ ቀኝ ማጋደል ጀመረች። ልትወድቅ ነው ብዬ በሙሉ ኃይሌ ወደ ግራ ተገተርኩ። እሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ፤ ያልተስማማ ጥማድ በሬ ሆንንና ሁለታችንም ያላሰብነው ቦታ፣ የሽንኩርት ነጋዴዎች ክምር አጠገብ ደረስን። ፍሬን ያዝኩ። ቆመች። ተመስገን አልኩ። እግሬን ግን ከመርገጫዋ ላይ አላወረድኩም፤ ሦስት እግር ያላት ነገር የእኔን ሁለት እግር ምን ትሠራበታለች? ለካስ ስትቆም እንዳታጋድል የሚይዛት መቆለፊያ ኖሯታል። ይህን የሚያስረዳው መጽሐፍ የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ኮሚቴው ለትርጉም ወደ ዞን ልኮት ነበር። እናም ሞተሯ ቀስ ብላ፣ ክብሯን ጠብቃ፣ ጠግባ የምታመሰኳ ላም እንደምትተኛው ሆና ሽንኩርቱ ላይ ተኛች። እኔም አብሬያት።

«ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አለች የሽንኩርቱ ባለቤት። «ሁለት እግር ያለው ቆሞ ሲሄድ እያየን፣ ሦስት እግር ያለው ይወድቃል?»

ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታዬ «ዶክተር፣ ዛሬስ ቆማለች?» ሆነ። ያየኝ ሁሉ ለወገቤ ወንዛዬ ሄጄ ፍል ውኃ እንድገባ መከረኝ። ኃላፊያችን ግን ያዘኑት ለተሰበረው መስተዋት ነው። ሞተሯም ወደ ላስቲኳ ተመለሰች፤ እኔም በእግሬ መሄድ ለጤና እንደሚበጅ ድንገት ተገለጠልኝ።

ጥር ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ባልደረቦቼ በሙሉ መኪናውን ይዘው ደብረ ታቦር ስብሰባ ሄደው እኔ ብቻዬን ቢሮ ተቀምጫለሁ። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ በትር ይዘው ገቡ። እግራቸው እስከ ባቱ አቧራ ነው። እማማ ደብሬ ይባላሉ።

«ዶክተሩ አንተ ነህ?»

«ነኝ እማማ። ይቀመጡ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ላሜ ጎህ ሳይቀድ ጀምራ ታምጣለች። የጥጃው እግር ታየ፣ ራሱ ግን የለም። ድረስልኝ።»

ራሱ ያልታየ ጥጃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ካልተቃና እናትም ልጅም አይተርፉም። ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ውስጥ፣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። መኪናው እንደሌለ ነገርኳቸው። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። እንዲያው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አምና ወንዙ ሞልቶ ሁለቱን ላሞቼን ወስዶብኛል። ይቺ ናት የቀረችኝ። እናቷ የሞተችባት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ የምትጠጣው የዚችን ወተት ነው» አሉኝ። ከዚያ በመስኮት አሻግረው ላስቲኩን አዩት።

«ያቺስ?»

«ያቺ ፊርማ ትፈልጋለች፣ እማማ።»

«ፈራሚው የት አለ?»

«ደብረ ታቦር።»

«ላሜስ የማንን ፊርማ ትጠብቅ?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ቁልፉን ከመሳቢያዬ አወጣሁ። መድኃኒት መያዣ ሣጥኔን አሰርኩ። አያ ፈንታ ከበሩ ላይ ሆነው ሞተሯን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እማማ ደብሬን አዩ። «እኔ ምንም አላየሁም» አሉና በሩን ከመቼውም በሰፊው ከፈቱልን።

እማማ ደብሬ ከኋላዬ ተፈናጠጡ፤ በትራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። አስፋልቱን ለቀን ሜዳው ውስጥ ገባን። አንዱ ጎን በመስኖ የለማ ሽንኩርት፣ ሌላው ጎን የታጨደ ሩዝ ቃርሚያ፣ መሀሉ ላይ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ስንጥቅ የሆነ ጥቁር መሬት። መጀመሪያው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ሞተሯ ልማዷን አመጣች። እኔም የእኔን አመጣሁ፣ ተገተርኩ። ጥግ ወዳለው ቦይ ተንሸራተን ከመግባት ለጥቂት ተረፍን።

«ለምን ትገትራለህ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

«እንዳንወድቅ ነው።»

«እሷስ ወዴት እንደምትታጠፍ ታውቃለች። የማታውቀው አንተ ነህ። አብረሃት ዘንበል በል እንጂ! በቅሎ ላይ ተቀምጠህ አታውቅም?»

«አላውቅም፣ እማማ። እኔ ያደግሁት አውቶቡስ ላይ ነው።»

«ወይ አበሳ!» አሉ ከልባቸው አዝነው። «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በቅሎ ነበረው። ቁልቁለቱን ስትወርድ ከታገልካት ትጥልሃለች፤ እሺ ካልካት ታደርስሃለች። በል፣ እኔ እነግርሃለሁ።»

ሁለት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ከዚያ በኋላ ዲፕሎማ ያለው ባለሙያ መሆኔ ቀርቶ ልጓም የገባልኝ በቅሎ ሆንኩ። «ቀኝ!» ይላሉ፤ ወደ ቀኝ ይጫኑኛል። «ግራ! አሁን ቀና! አይ፣ እሱን ስንጥቅ ተወው፣ ወዲህ!» ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ሞተሯ ስታጋድል አብሬያት አጋደልኩ። አልወደቅንም። ውኃ በቦይ እንደሚጎርፈው እንዲሁ ጠመዝማዛውን ይዘን ፈሰስን። ከዚያ በፊት ያስፈራኝ ነገር በሙሉ ከመቅጽበት ወደ ደስታ ተለወጠና እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ከኋላዬ ሳቅ አልተሰማም። የእሳቸው ልብ ላሟ ጋ ነበር። እኔም አፈርኩና ፍጥነት ጨመርኩ።

ስንደርስ ላሟ በጎኗ ተዘርራለች። ጎረቤቶች በገመድ ስበው ስበው ደክሟቸው ዳር ቆመዋል። አንዲት ትንሽ ልጅ ከበረቱ አጥር ሥር ቁጢጥ ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታያለች። ሸሚዜን አወለቅሁ፤ እጄን እስከ ትከሻዬ በሳሙና አለስልሼ አስገባሁ። ላሟ ስታምጥ ክንዴን እንደ ወፍጮ ትፈጨዋለች፤ ስታርፍ ጥጃውን ወደ ውስጥ መልሼ እገፋለሁ። አንገቱን አገኘሁ። ጆሮውን አገኘሁ። አፍንጫው ላይ መድረስ ግን አቃተኝ። እማማ ደብሬ መሬት ላይ ተቀምጠው የላሟን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ለሰው ወላድ እንደሚባለው «ማርያም፣ ማርያም፣ አንቺው ድረሽ» ይላሉ። በመጨረሻ ሁለት ጣቴ አፉ ውስጥ ገባ። ጠመዘዝኩ። ተቃና።

«አሁን ሳቡ!»

ጥጃው ወጣ። ሴት ናት፤ ግን አትተነፍስም። አፍንጫዋን ጠረግሁ፣ ደረቷን አሸሁ፣ ገለባ አፍንጫዋ ውስጥ ሰድጄ ቆረቆርኳት። ከዚያ አነጠሰች።

እማማ ደብሬ እልልታቸውን ለቀቁት። ትንሿ ልጅ ሮጣ መጥታ ጭቃና ደም ሳትል ጥጃዋን አቀፈቻት። እኔ ውኃ ጠይቄ ፊቴን መታጠብ ጀመርኩ፤ ፊቴን ያስታጠበኝ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

እንዲህ ያለ ነገር ወረታ ውስጥ ተሸሽጎ እንደማይቀር ታውቃላችሁ። አንድ ባለሙያ በመንግሥት ሞተር፣ ከኋላው ያሉ አሮጊት «ግራ! ቀኝ!» እያሉት ሜዳውን ሲያቋርጥ ያላየ ካለ ዓይነ ስውር ነው፤ እሱም ሰምቷል። ረቡዕ ዕለት ለሐሙስ ጠዋት ግምገማ መጠራቴ ተነገረኝ። ጥፋቴ ሦስት ነው፦ ያለ ፊርማ መውጣት፣ ያልተፈቀደ ሰው መጫን፣ ንብረትን በእበት ማቆሸሽ። ግለ ሂስ አዘጋጅ ተባልኩ። አዘጋጀሁ። ጥሩ ግለ ሂስ ነበር፤ ራሴን እንደዚያ አምርሬ ጠልቼ አላውቅም።

ሐሙስ ሁሉም ተሰበሰበ። አንድ ባልደረባዬ «የመንግሥትን ንብረት ለግል ዝና ማዋል» የሚለውን ሐሳብ ማብራራት እንደ ጀመረ በሩ ተንኳኳ። እማማ ደብሬ አንድ ቅል ሙሉ እንገር በንጹሕ ጨርቅ አስረው ገቡ፤ ላም በወለደች ሰሞን የሚታለበውን፣ ሲፈላ የሚረጋውን ያንን ወፍራም ወተት።

«የሞተሯ ጌታ የትኛው ናቸው?»

ጣቶች ሁሉ ወደ ኃላፊያችን ዞሩ። ኃላፊያችን አቤቱታ መስሏቸው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አሉ እማማ ደብሬ ጎንበስ ብለው። «ሞተርዎን ባይልኩልኝ ኖሮ ላሜም ጥጃዋም አፈር ነበሩ።»

ኃላፊያችን እኔን አዩ። ቅሉን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግዴታችን ነው፣ እናቴ። አርሶ አደሩ ሲጣራ ፈጥኖ መድረስ የተቀመጠ አቅጣጫ ነው።»

ከሁሉ ቀድሞ ራሱን በአዎንታ የነቀነቀው ያ ባልደረባዬ ነው።

«ልጁም ደህና ልጅ ነው» ሲሉ ጨመሩ እማማ ደብሬ ወደ እኔ እያመለከቱ። «ትንሽ ይገትራል እንጂ።»

ግምገማው ወዲያው ወደ ምርጥ ተሞክሮ ልውውጥ ተለወጠ። ተሞክሮውን ያቀረቡት ኃላፊያችን ናቸው። ግለ ሂሴን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ። እንገሩ ከወንበር ወደ ወንበር ዞረ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ቅሉ ውስጥ የቀረው ጥሩ ሽታ ነበር።

በወሩ መጨረሻ የጥር ሪፖርት ተለጠፈ። «በአመራሩ የቅርብ ክትትልና በወቅቱ በተሰጠ አቅጣጫ አንዲት ጥጃ በሰላም ተወልዳለች» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእማማ ደብሬ ስም የለም፤ እሳቸው ጋዜጣም ሪፖርትም አያነቡ፣ አይጎዳቸውም። የእኔም የለም፤ ለምጄዋለሁ። ትንሽ ቅር ያለኝ ላሟም አለመጠቀሷ ነው።