አስራ ሁለተኛዋ ማጣሪያ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን ጨርሶ ኮቱን ሲያነሳ «ቆይ እስቲ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በውሃ ምርምር ክፍሉ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የላብራቶሪ ቴክኒሻኗ ነበሩ። ከጀርባቸው «ክብርት እትዬ ይደገም» ይባላሉ። ሚዛኑ ላይ ዝንብ ካረፈች፣ ይደገም። ቁጥሩ በእርሳስ ከተጻፈ፣ ይደገም። አንዴማ የክፍሉን ኃላፊ «ቴርሞሜትሩን ጎንበስ ብለው አላነበቡም» ብለው ከበር መልሰዋቸዋል።

ከሁሉ አብልጦ የሚሸሻቸው ወጣቱ መሐንዲስ ነበር። ከሸክላ ከሠራቸው መቶ ያህል የውሃ ማጣሪያዎች አስራ ሁለቱን ለናሙና ወስዶ ሲፈትሽ አስራ አንዱ ንጹሕ ውሃ አወጡ። አስራ ሁለተኛዋ ግን ጀርሙን እንዳለ አሳለፈችው። ሪፖርቱ በማግስቱ ይገባል፤ ተከትሎም ማጣሪያዎቹ ለጤና ጣቢያዎች ይታደላሉ። አስራ አንዱን ጻፈና ያቺን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተታት።

እትዬ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። «አስራ ሁለተኛዋስ?»

«ከመደርደሪያው ወድቃ ተሰበረች።»

የሚጠይቁትን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ፣ መልሱን አጥንቶ ነበር፤ ስብርባሪው የት አለ፣ ማን አየ፣ በስንት ሰዓት። እሳቸው ግን አንዱንም አልጠየቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ወይኔ፣ መደርደሪያውን ወደ በሩ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ስንት የለፋህበትን።» ከዚያ መዝገቡ ላይ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ሚዛን እንኳ የማያምኑት ሴት እሱን አመኑት። ከሰዓት በኋላ ማጣሪያዋን ታቅፎ ክፍላቸው ገባና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጣት። ጋዜጣውን ሲገልጡ ፊታቸውን ማየት አልቻለም፤ ጫማው ላይ አቀረቀረ።

«አልተሰበረችም። ዋሸሁዎት።»

እትዬ «እኔ እኮ ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ጥፋቴን ተናግሬ መጣሁ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። የጻፉትን በአንድ መስመር ሰርዘው መዝገቡን ገፉለት። «ጻፍ። እንዲነበብ አድርገህ።»

«አስራ ሁለተኛዋ ጀርም አሳልፋለች» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ማጣሪያዎቹ ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ሲፈተሹ ዕደላው አራት ወር ዘገየ። ሊታደሉ ከነበሩት መካከል ሠላሳ ያህሉ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ተገኘባቸው። ባልደረቦቹ ግን ያኮረፉት እሱን ነው።

እትዬ የሌላውን ሥራ አንዴ ሲያዩ የእሱን ሁለቴ ያያሉ። ለምን ብሎ አያውቅም። ባለፈው ወር የዓመት ፈቃድ ወጡና ክፍሉ በሙሉ እፎይ ብሎ በጊዜ ወደ ቤቱ መግባት ጀመረ። እሱ ግን አዲሱን ውጤቱን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ እስኪመለሱ ጠበቃቸው።