አባቴ ጢም ያሳደገበት ሌሊት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አደርኩ። ግድግዳው ደሴ ያለው የሟቹ አባቴ የይመር ፀጉር ቤት ነው። እኔ በተለጠፍኩበት ቦታ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው የድሮ የምላጭ ማስታወቂያ ነበር፤ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ሰውዬ ምላጭ ይዞ ይስቃል፤ ከሥሩ «ለሠለጠነ ወንድ» ይላል።

አሁን ሰውዬው ወርዶ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ ያነብበኛል። ከእግሬ ሥር «ጢም፦ ላዘነ ወንድ» ተብሎ ተጽፏል።

ውሸት አይደለም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ አልተላጨሁም። የሰማንያ ቀኑ ተዝካር ካለፈ ቆየ። የዕድር ሽማግሌዎች ሁለቴ መጥተው «በቃህ፣ ሐዘንህን ጣል» ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ዕድሜ ልኬን የላጨኝ አባቴ ነው። እጁ ናፍቆኛል፤ እሱ ባለፈበት ጉንጬ ላይ የሌላ ሰው እጅ እንዲያልፍ አልፈለግኩም።

«ይሄ ጢም ይታጠባል?» አለ ሰውዬው።

«አይሸጥም።»

«ማስታወቂያ ሆነህ አይሸጥም ትላለህ እንዴ? ምን ዓይነት ዘመን መጣ» ብሎ አኮረፈ።

ወርጄ ወጣሁ፤ ተከተለኝ። መንገድ ላይ ጢማም ሕፃናት እናቶቻቸውን አዝለው ክርስትና ያስነሳሉ። በጎች መቀስ ይዘው ፀጉር አስተካካዮችን ይሸልታሉ። አንዷ በግ «ቀና በል ጋሼ፣ አንገትህን» ስትል ሰማኋት። ደግ በግ ነበረች።

ከበጎቹ አለፍ ብሎ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ውስጡ ያሉት ሁሉ የማውቃቸው ሙታን ናቸው፤ ሁሉም ጢማቸውን አሳድገዋል።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አልኩ።

«ማንም አልሞተብንም። ሰው ቀርቶብን ነው» አሉኝ።

መሐላቸው አባቴን አየሁት። በሕይወቱ ሳይላጭ ውሎ የማያውቅ ሰው፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

ትኩር ብሎ አየኝና በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። «አይ ወንድሜ። የእኔ ልጅ ጢም የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው ነኝ የምላጨው።»

«ልጅህ ነኝ፣ አባዬ።»

«እግዜር ያጽናህ» አለኝና ቦታ ለቀቀልኝ፤ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀርቤው እንደዚያ ርቄው አላውቅም።

ወደ ማስታወቂያው ሰውዬ ዞርኩ። «ላጨኝ፣ በፈጠረህ።»

ምላጩን አየት አድርጎ አፈረ። «እኔ ይዞ መሳቅ እንጂ መላጨት አላውቅም።»

«ምላጭ! ምላጭ የሚያውቅ ሰው አምጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ጉንጬን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካኝ ነቃሁ። ባለቤቴ አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ሳፋ፣ እጇ ላይ ምላጭ።

«አትንቀሳቀስ፣ እቆርጥሃለሁ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አምጡልኝ ብለህ ጮህክ፤ አመጣሁ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም።»

የቀኝ ጉንጬን ዳበስኩት። ሁለት ቦታ ቆርጣኛለች። ግራውን አዞርኩላት።