ጣሪያ ላይ ያልነበረው ችግር

የኛ ሰው ቴሌቪዥን እምቢ ካለው መጀመሪያ የሚያየው ወደ ጣሪያ ነው። ያደግንበት ነዋ። አንዱ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ መልእክት ያቀባብላል፣ የቀረው ቤተሰብ ውስጥ ተቀምጦ "መጣ፣ ሄደ፣ ኧረ መለስ አድርገው" ይላል። በዚህ ሙያ ያልተመረቀ አዲስ አበቤም ወሎዬም አላውቅም። ክፋቱ፣ አትላንታ ይህን ያህል ዓመት ኖረንም ከጣሪያው አለመውረዳችን ነው።

አማቼ ሐጂ ይማም እኛን ሊጠይቁ ከኮምቦልቻ መጥተው ሦስት ወር ተቀመጡ። ፒችትሪ ኮርነርስ ያለው ቤታችን ደረጃ ይበዛበታል፤ የሳቸው ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወድም። ስለዚህ ጓሮ ያቆምኳትን ትሬለር፣ ያችን በመኪና የምትጎተት ጠባብ ቤት፣ አጽድቼ ሰጠኋቸው። ወደዷት። በሳምንቱ "ቤቴ" ማለት ጀመሩ፤ እኔም በገዛ ጓሮዬ በር እያንኳኳሁ መግባት ጀመርኩ።

እሁድ ሊሳፈሩ፣ ሐሙስ ዕለት ልጄ ኢክራም የምሥራች ይዛ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር የሠራችውን ሮቦት ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት በከተማው ቴሌቪዥን ቀርባ በቀጥታ ልታሳይ ነው። እኔ በስልክ እናሳይዎታለን ብል ሐጂ ፊታቸውን አጨማደዱ።

"በስልክማ ማን የማይወጣ አለ? በቴሌቪዥን ነው የማያት። አገሬ ስገባ በዓይኔ አየሁ ልበል እንጂ።"

እሺ፣ ሳሎን ካለው ትልቁ ቴሌቪዥን ይዩ ብዬ ለመንኳቸው። እሱም አልሆነም፤ ለካ ሁለት ሽማግሌ ወዳጆቻቸውን ጠርተዋል። "እንግዳ የጠራሁት በቤቴ ነው። በሰው ሳሎን አላስተናግድም" አሉ። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ።

ያንኑ ዕለት የትሬለሯን ቴሌቪዥን ከፍቼ ስካን አደረግኩ፤ ጣቢያው ሁሉ ጥርት ብሎ ገባ። ዓርብ ኮሌጅ ፓርክ ከኤርፖርት የሆቴል እንግዳ ሳመላልስ ውዬ ብመለስ አንድም ጣቢያ የለም። ጥቁር ስክሪን፣ መሐሉ ላይ "ሲግናል የለም"።

ጎረቤቴን ዘሪሁንን ጠራሁት። ዘሪሁን ሱዳን በስደት ሳለ ራዲዮ በሽቦ ቁራጭ ያናግር እንደነበር ስለሚያወራ፣ በማንኛውም ዕቃ ላይ ማንም አይከራከረውም። "ጣሪያው ነው፣ ትረስት ሚ" ብሎ መሰላል አስጠጋ። አንቴናው ከውስጥ፣ ኮርኒሱ ላይ ባለ እጀታ እንደሚዞር ያወቅኩት ዘግይቶ ነው። እኛ ግን ኬብል ቀየርን፣ ሪሴት አደረግን፣ "ደረሰ?" "አልደረሰም" እየተባባልን ጎረቤት አስወጣን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሐጂ ወንበር አውጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠው ለወዳጆቻቸው ይደውላሉ፤ "ዕቃው አሮጌ ነው መሰለኝ። ልጁ መቼም ሲገዛ አጣርቶ አያይም።" ልጁም እኔ ነኝ። ጨስኩ። አማት ላይ ግን አይጮህም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና ያልበደለኝን ኬብል ነቅዬ መሬት ላይ ወረወርኩት፤ ኋላ ራሴው አንስቼ መልሼ ሰካሁት።

ቅዳሜ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ዘሪሁን እንደገና ጣሪያው ላይ ሳለ፣ ጨንቆኝ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ። መመሪያውን አነበብኩ። ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ አረንጓዴ መብራት ያላት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ የአንቴናውን ኃይል የምትሰጠው እሷ ናት፣ ካልበራች ምንም አይመጣም ይላል። ሐሙስ ያገኘሁትን ሁሉ ስነካካ ምንነቷን ሳላውቅ ራሴ አብርቻት ነበር። አሁን ጠፍታለች። ብጫናት ምስሉ ከች አለ።

"ደረሰ?" አለ ዘሪሁን ከላይ።

"ደረሰ።"

"ነገርኩህ! ጣሪያው ነው።"

ሪሞቱን ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል። ሐጂ ጣታቸውን ከማብሪያዋ ላይ እያነሱ ነው።

"ይችን መብራት ሁሌ ትረሳታለህ፣ ልጄ" አሉኝ በፍቅር። "እኔ ነኝ እያጠፋሁ የማተርፍልህ። የሰው መብራት በከንቱ ሲነድ አልወድም።"

ንገራቸው እንጂ፣ ትሉኛላችሁ። ልናገር አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳና ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰላምታ እያወረዱ ገቡ። ትናንት ዕቃዬ ሲታማላቸው በዋሉ ሰዎች ፊት፣ በመሄጃቸው ዋዜማ፣ "ሐጂ፣ ጥፋቱ የርስዎ ነው" ልበል? እናንተ ለአማታችሁ እንዲህ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ማብሪያዋን ተጫንኩና በጀርባዬ ሸፍኛት ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሐጂ ሁለት ጊዜ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ፤ ሁለት ጊዜም "ይቀመጡ፣ ልትጀምር ነው" አልኳቸው።

ጀመረች። የኢክራምን ድምፅ ከጎኔ ሰማሁት፤ ፈጠን ፈጠን ትላለች፣ ስትፈራ እንደዚያ ናት። ላያት አንገቴን ባዞር ትከሻዬ ሸርተት አለ፣ አረንጓዴዋ ብርሃን ብቅ አለች፣ የሐጂም ዓይን ወዲያው ለቀማት። ተመልሼ ለጠፍ አልኩ። ስለዚህ ያየሁት ሐጂን ነው። በእንግሊዝኛ የምትለው አንድ ቃል አይገባቸውም፤ ግን እሷም የምታያቸው ይመስል ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ቀና ብለው ተቀመጡ። አንጀቴን በሉት። የሁለት ቀን ንዴቴ እዚያው ሟሟ።

ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ኢክራምን መረቁ። ከጣሪያ የወረደውንም ዘሪሁንን ስለ ድካሙ መረቁት፤ እሱም አሜን ብሎ ተቀበለ። ሐጂ ግን ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ እውነተኛ ቅሬታ ነበር።

"ልጄ፣ ሦስት ወር ሙሉ ምንም ክፉ አላየሁብህም። ዛሬ ግን ከነከነኝ። ልጅህ በቴሌቪዥን ወጥታ ስትናገር አንዴ እንኳ ዞረህ አላየሃትም። እንዲህ ያለ አባት አለ?"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘሪሁንም ነቀነቀ።

"አጥፍቻለሁ፣ ሐጂ" ብዬ ከግድግዳው ገለል አልኩ።

ሐጂ ግድግዳውን አዩና ረዥም ትንፋሽ አወጡ። "እሷንም ረስተሃታል" ብለው መብራቷን አጠፏት።