ጨው የተጠቀለለባቸው አራት ጎተራዎች

በእኛ አገር ጥናት ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው የቆሎ መጠቅለያ ሲሆን ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ተማሪ ገጠር ለገጠር ሲዞር ከርሞ በሰበሰበው መረጃ ላይ አማካሪው ይፈርማል፣ ሦስት መምህራን ይፈትኑታል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ቁልፉን የያዘችው ሴትዮ ደግሞ የወሊድ ፈቃድ ትወጣለች። ከዚያ አንድ ቀን ቢሮ ይጸዳና ወረቀቱ ተመዝኖ ወደ ሱቅ ይሄዳል። ያኔ ገና የአምቦ ሰው ስኳሩን እየቀመሰ ያነበዋል። የምቀልድ ከመሰላችሁ፣ ቀልድ ቢሆንማ በወደድኩ።

እኛ መምህራን አንድ አመል አለን። ያማረውን ውጤት ፍሬም ውስጥ አስገብተን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ ያላማረውን ግን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንደሚገባ ያልታጠበ ድስት ከዓይን እናርቃለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን ልጆች እናስተምራለን፣ የከሸፈ ሙከራችንን ግን ደብቀን እንሾምበታለን። እኔ ራሴ ተሹሜበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምቦ ላይ ጀማሪ ረዳት መምህር ሳለሁ ጌዶ ድረስ ሄጄ፣ በአሥራ ሁለት ገበሬዎች ጎተራ ውስጥ በቆሎ ከደረቀ የግራዋ ቅጠል ጋር አስቀመጥኩ። ቅጠሉ ነቀዝ ያባርር እንደሆነ ለማየት ነበር። በስምንቱ ጎተራ ነቀዙ ቀነሰ። በአራቱ ግን ቅጠሉን ከምንም ሳይቆጥር በቆሎውን ዱቄት አደረገው። የዚያን ጊዜው አለቃዬ አራቱን አይተው "ወንድሜ፣ እነዚህ ጽሑፍህን ያበላሹብሃል" አሉኝ፤ እኔም ከጽሑፉ አስቀረኋቸው። ጥናቴ ተጨበጨበለት፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ የግብርና ባለሙያዎችም ግራዋን ከእጃጂ እስከ እንጭኒ ለገበሬው መምከር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስለ ግራዋ ሳስተምር ድምፄ ትንሽ ከፍ ይል ነበር።

ሌሊሴ የእጃጂ ልጅ ናት። ንግግር አታበዛም፤ የያዘችውን ግን አትለቅም። የመመረቂያ ጥናቷን በግራዋ ላይ እንድትሠራ ያደረግኳት እኔው አማካሪዋ ነኝ፤ የራስን ስም በተማሪ እጅ እንደ ማስጠራት ያለ ደስታ የት ይገኛል። ከወራት በኋላ መጣችና ከግማሽ በሚበልጡት ጎተራዎች ነቀዙ ምንም እንዳልሆነ ነገረችኝ። "አሠራርሽን መርምሪ" አልኳት። መረመረች፤ ያው ነው። "እንግዲያው ድገሚው፣ እስኪስተካከል አልፈርምም" አልኳት። እኔ ካልፈረምኩ በሐምሌ አትመረቅም ማለት ነው። ቤተሰቦቿ ደግሞ ለምረቃዋ በግ መቀለብ ጀምረዋል።

"መምህር፣" አለች፣ "ጌዶ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። 'ድሮ ለመጣው ልጅም ቅጠሉ አልሠራም ብዬ ነግሬዋለሁ፣ ጽፎታል' ብለውኛል። ያኔ የጻፉትን ጥሬ መረጃ ቢያሳዩኝ?"

"ቢሮ ስንቀይር ጠፍቷል" አልኳት። ውሸቴን አልነበረም። መጥፋቱ ግን አላሳዘነኝም።

ሌላ ተማሪ ቢሆን እዚያው ላይ ይተወዋል፤ ቁጥሮቹን ትንሽ ጎንበስ ቀና አድርጎ ያስፈርመኛል። ሌሊሴ ግን ከጋሽ ከድር ሱቅ የገዛችው ጨው በእኛው የትምህርት ክፍል መጠይቅ ተጠቅልሎ እንደነበር ትዝ አላት። ጋሽ ከድር ከደቡብ መጥተው አምቦ ብዙ ዓመት የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ከየቢሮው የሚወጣ አሮጌ ወረቀት ይገዛሉ፤ የሚጠቀልሉበትንም አስቀድመው ያነባሉ። ክምሩን ልፈትሽ ብትላቸው "ልጄ፣ ወረቀት ብቻውን አልሸጥም። ዕቃ ግዢና ስጠቀልል እያየሽ ምረጪ" አሏት። ስለዚህ በየቀኑ ከክፍል ስትወጣ ጨው መግዛት ጀመረች። ትንሽ ትንሽ ጨው፣ በየቀኑ። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች "ይቺ ልጅ በሬ ልታደልብ ነው እንዴ?" እስኪሉ ድረስ ክፍሉ ጨው በጨው ሆነ። በመጨረሻ ጋሽ ከድር አዘኑላትና ክምሩን ከመደርደሪያ ሥር አውጥተው አብረዋት ይፈትሹ ጀመር። ያገኙትም እሳቸው ናቸው።

አንድ ጠዋት ቢሮዬ ገብታ አራት ብጫቂ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። "ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው?" አለችኝ። የእኔ ነው። ኦቦ ገመቹ፣ ጎተራ ቁጥር ዘጠኝ፣ ቅጠሉ አልሠራም፤ ከሥሩ ፊርማዬ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ጨው ሲጠቀለልበት አድሮ እንደሚጠራ ግን የነገረኝ አልነበረም።

"አባሪ ላይ ላስገባቸው ነው፣" አለች። "እርስዎ ካልፈረሙ ለከርሞ እመጣለሁ። ለከርሞም ካልፈረሙ ከዚያ በኋላ እመጣለሁ።" እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ፈረምኩ።

በፈተናው ቀን ሰብሳቢው "የገዛ አማካሪሽን የተሸለመ ጥናት ልታፈርሺ ነው?" ሲሏት ብድግ አልኩና አራቱን ጎተራዎች የደበቅኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሰማይ ይደፋብኛል ብዬ ነበር። ምንም አልሆነም። "ለግልጽነትዎ እናመሰግናለን" ተባልኩ፤ የምስክር ወረቀቴን መልስ ያለኝም የለም። ለሌሊሴ ግን "ውጤቱ አሉታዊ ስለሆነ" ተብሎ 'ሲ' የሚል ማርክ ተሰጣት። በዚያ ሲ ምክንያት ረዳት መምህር ሆና የመቅረት ዕድሏ አመለጣት። ደባቂው ተመሰገነ፣ ፈልጋ ያወጣችው ተቀጣች።

እልህ ያዘኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየስብሰባው የማነሳው ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፦ ጥሬ መረጃውን ከነጉድለቱ ቁልፍ በሌለው መደርደሪያ ላይ ለሚያስቀምጥ፣ ወይም እዚያ ካለው ውስጥ ስህተት ለሚያገኝ ተማሪ አምስት ነጥብ ይሰጠው። "መምህር አምስት ነጥብ" የሚል ስም ወጣልኝ። አንዱ ባልደረባዬ "መረጃው ይሰረቃል" ቢለኝ "የተሰጠ ነገር እንዴት ይሰረቃል?" አልኩት። ሌላው "የከሸፈ ሥራ ልንሸልም ነው?" አለ። "የተደበቀውን ስንሸልም ኖረን የለም ወይ" አልኩት። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ እንጂ ጸደቀ። ደንብ ወደኋላ አይሠራምና ለሌሊሴ አንድም ነጥብ አልደረሳትም።

ታዲያ የመጀመሪያውን አምስት ነጥብ ያገኘው ተማሪ ከመደርደሪያው ያነሳው የማንን ጥናት መሰላችሁ? የሌሊሴን። በሁለት ጎተራዎች ቅጠሉ በደንብ ሳይደርቅ መግባቱን በመስክ ማስታወሻዋ ላይ ራሷ ጽፋዋለች፤ ስትደምር ግን ከደረቁት ጋር ደምራዋለች። ልጁ እሱን አገኘ። ለእሷ መንገር የእኔ ፈንታ ሆነ። እጃጂ የልማት ሠራተኛ ሆና ነበርና ደወልኩላት። ነገሩን ስጨርስ፣ አሁን እንደኔው አንድ የሚጠፋ ወረቀት ልትፈልግ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ልጁ አምስቱን ነጥብ አገኘ?" አለች።

"አገኘ።"

"ቶሌ፣ እሺ፣ ይገባዋል። በሉ ጋሽ ከድር ጨው ሳይጠቀልሉበት ለእኔም የልጁን ሥራ አንድ ግልባጭ ይላኩልኝ። ሐሙስ ከገበሬዎቹ ጋር ስብሰባ አለኝ፤ ተሳስቼ ነበር ብዬ እነግራቸዋለሁ።"

ስልኩን ዘጋችው። ተሳስቼ ነበር ለማለት ለእሷ እስከ ሐሙስ በቃት። ለእኔ ስንት ዓመትና ስንት ኪሎ ጨው እንደፈጀ እናንተው ታውቃላችሁ።